አጥርና ንጣፍ በደን አገር፦ ለሺሺንዳና ለአካባቢዋ ግቢዎች የሚስማሙ ቁሶች

በደን በተከበበ አገር ለሚኖር ሰው «ተፈጥሯዊ ቁስ» የሚለው ስም ሊያሳስት ይችላል። እንጨት፣ ቀርከሃ፣ ሐረግና ድንጋይ በከፋ ዞን ከደጅ የሚገኙ ስለሆኑ ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ይልቅ ለአካባቢ የሚስማሙ መስለው ይታያሉ። ይሁን እንጂ ከተፈጥሮ ደን ተቆርጦ የመጣ የአጥር ቋሚ በሁለትና በሦስት ዓመት በስብሶ በሌላ የሚተካ ከሆነ፣ በሩቅ ፋብሪካ ከተመረተ ብሎኬት የበለጠ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ለግቢ የሚሆን ቁስ ሲመረጥ ከቁሱ ዓይነት በፊት መጠየቅ ያለበት ከየት እንደመጣና ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ነው።

ጥያቄው በሺሺንዳ የተለየ ክብደት አለው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ሪዘርቭ መዝገብ ባሰፈረው የከፋ ደን ቀጣና ውስጥ ካሉ ሰፈሮች አንዷ ናት። የባዮስፌር ሪዘርቩ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ምንም ዓይነት ቆረጣ የማይፈቀድበት ጥብቅ ክልል፣ በመጠን የሚጠቀሙበት መከለያ ክልልና ሕዝቡ የሚኖርበትና የሚያርስበት ክልል ተብሎ የተከፈለ ነው። የዱር ቡና ዝርያዎች የሚጠበቁት በዚህ ደን ነው። ከተሞች ሲሰፉ በየግቢው የሚተከለው አጥርና የሚነጠፈው መሬት ተደምሮ በደኑም በውሃውም ላይ የሚያሳርፈው ጫና ቀላል አይደለም።

መሬቱን መሸፈን ያስፈልጋልን?

ብዙ ጊዜ የግቢ ሥራ የሚጀመረው ሊሾ ወይም ኮንክሪት በማፍሰስ ነው። ጭቃን ለመሸሽ ሲባል የሚደረግ ስለሆነ ምክንያቱ ይገባል። የከፋ ዝናብ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ስለሆነም ለብዙ ወራት ግቢው አይደርቅም። ነገር ግን ጭቃን የሚያስቀረው ሊሾ ውሃውን አያጠፋውም፤ ወደ ሌላ ሰው ይልከዋል እንጂ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። 50 ካሬ ሜትር በሊሾ በተሸፈነ ግቢ ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,500 ሊትር፣ ማለትም 75 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይሰበሰባል። ሊሾው አንዱንም አይመጥም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተንደርድሮ ይወጣል። የጣሪያው ውሃ ደግሞ ይጨመርበታል። ተዳፋት በበዛበት መሬት ይህ ውሃ የታችኛውን ጎረቤት አጥር ሥር ይሸረሽራል፣ የመንገዱን ዳር ይቦረቡራል፣ ቀዩን አፈር ይዞ ወደ ወንዝ ይገባል። በሣር ወይም በተክል የተሸፈነ መሬት ግን ከዚህ ውሃ ብዙውን ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ምንጮች በበጋ የሚፈሱት በክረምት ወደ መሬት በገባው ውሃ ነው።

የሲሚንቶውም ዋጋ በብር ብቻ አይቆጠርም። 50 ካሬ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ማፍሰስ 5 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በሜትር ኩብ 3 ኩንታል ሲሚንቶ ቢታሰብ 15 ኩንታል ይፈጃል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይን ከሌሎች ማዕድናት ጋር 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በማቃጠል ስለሆነ፣ አንድ ኩንታል ለማምረት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። በዚህ ስሌት የአንድ ግቢ ንጣፍ ብቻውን ከ9 እስከ 12 ኩንታል የሚመዝን ጋዝ ያስከትላል። በዓለም ደረጃ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ነው። ሙገርም፣ ደርባም፣ ለሚም ከከፋ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚርቁ በመሆናቸው የጭነት መኪናው ነዳጅ ይታከልበታል።

ይህ ሲባል ኮንክሪት ጨርሶ አይነካ ማለት አይደለም። ለቤት መሠረት፣ ለመጸዳጃ ጉድጓድ ክዳን፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ ተተኪ የለውም ማለት ይቻላል። ለእግር መሄጃ ማፍሰስ ግን ያለ ቦታው ማዋል ነው። ሰውና ተሽከርካሪ የሚመላለስበትን መስመር ለይቶ እሱን ብቻ ማንጠፍ፣ ቀሪውን በሣርና በተክል መተው ከሁሉም ምርጫ የሚቀድም ምርጫ ነው። ለሣሩ ከሩቅ ዘር መግዛት አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ዳር የሚገኘው ሰርዶ እየተነቀለ ቢተከል መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ሲረገጥም ይችላል።

ለመንገድና ለመቀመጫ ቦታ

ከንጣፎች ሁሉ ለዚህ አካባቢ የሚስማማው ጥርብ ድንጋይ፣ በተለምዶ ኮብልስቶን የሚባለው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በድሬዳዋ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋው ይህ ሥራ ለብዙ ወጣቶች የሙያ በር የከፈተ በመሆኑ ሙያተኛው ብርቅ አይደለም። የደቡብ ምዕራብ ከፍታዎች በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ስለሆኑ ጥቁር ድንጋይም አይታጣም።

የኮብልስቶን ጥቅም የሚገኘው ግን በአነጣጠፉ ነው። ድንጋዩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው አሸዋ ላይ ተቀምጦ ክፍተቶቹ በአሸዋ ሲሞሉ ውሃ በመሐል ይሰርጋል፤ ሣርም ሊበቅልበት ይችላል። ክፍተቱ በሲሚንቶ ከተለሰነ ግን ድንጋዩ ጌጥ ብቻ ይሆንና ግቢው ከሊሾ አይለይም። በተጨማሪ በአሸዋ የተነጠፈ ድንጋይ የውሃ ቧንቧ ለመቅበር ሲያስፈልግ ተነቅሎ እንደገና ይነጠፋል፤ ኮንክሪት ግን ይሰበራል። ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ማድረግና ዳሩን በትልልቅ ድንጋይ ማሰር አይዘነጋ።

ድንጋዩና አሸዋው የሚመጣበት ስፍራ ግን መታወቅ አለበት። ፈቃድ ካለው የድንጋይ ካባ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ከወንዝ ዳር እየፈነቀሉ ማምጣት ሌላ ነው። ወንዙን የሚደግፈው ዳርቻ ድንጋዩ ሲወሰድበት ይናዳል፣ የማሳውም ጫፍ አብሮ ይሄዳል። ከፈረሰ ቤት የተገኘ ስባሪ ብሎኬት፣ ጡብና ድንጋይ ካለ ለእግር መንገድ መደልደያ ማዋሉ ከሁሉም ርካሽ ነው።

ተዳፋት ግቢ ላለው ሰው ድጋፍ ግንብ የግድ ይሆናል። እዚህ ላይ የጥንቶቹ ሥራ አስተማሪ ነው። በዚሁ ክልል በዳውሮ ዞን የሚገኘው የንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ ያለ ማጣበቂያ ተደርድሮ ለብዙ ዘመን ቆሟል። በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከንም እንዲሁ በደረቅ ካብ የተሠራ ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ የድጋፍ ግንብ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ካልተተወለት ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ ገፍቶ ይጥለዋል፤ ደረቅ ካብ ግን ውሃውን በየክፍተቱ ያሳልፋል። ሲሠራ የታችኛው ወርዱ ቢያንስ የቁመቱ ግማሽ ቢሆን፣ ፊቱ ወደ ተራራው በትንሹ ቢያዘነብል፣ በየመሐሉ ረጃጅም ድንጋዮች ወደ ውስጥ ገብተው ካቡን ቢያስሩና ከኋላው ጠጠር ቢሞላ ይጸናል። ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ ከተፈለገ ግን ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ካብ ለመካብ አቅም ለሌለው ደግሞ ቬቲቨር ሣር አለ። ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተነሥቶ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሠራጨው ይህ ሣር ሥሩን በጥልቀት ወደ ታች ይሰዳል፤ በተዳፋቱ አግድም በአንድ መስመር ተጠጋግቶ ሲተከል አፈሩን ይዞ በጊዜ ብዛት በራሱ እርከን ይፈጥራል። ቅጠሉ ለጣሪያ ክዳንና ለጉዝጓዝ ይሆናል።

አጥር፦ ትልቁ ወጪና ትልቁ ጉዳት

ደኑን በቀጥታ የሚነካው አጥር ነው። 40 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር በየሁለት ሜትሩ ቋሚ ቢቆምለት ከ20 በላይ ቋሚዎችና ሁለት ሦስት ረድፍ ማገር ይጠይቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ የቆርቆሮ አጥርም ከኋላው ይህንኑ ያህል እንጨት የሚፈልግ መሆኑን ነው። ቆርቆሮው ለዓመታት ሳይበላሽ ቋሚው ከሥሩ በምስጥ ተበልቶ አጥሩ ሲዘነብል ይታያል።

እንጨት የሚገዛ ሰው ከተፈጥሮ ደን የወጣውን ሳይሆን ከግል ማሳ የተቆረጠውን ባሕር ዛፍ ቢመርጥ ይሻላል። ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ቀረሮና ጥቁር እንጨት ለአጥር የሚቆረጡ ዛፎች አይደሉም፤ አንዱ ዛፍ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ያልቃል። በ2010 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን በማለት ባለቤትነትን ለይቶ ያስቀመጠ ሲሆን፣ በከፋ በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁ ማኅበራት ደግሞ ከደኑ ምን፣ መቼና በምን ያህል እንደሚወሰድ የሚወስን መተዳደሪያ ደንብ አላቸው። ማገር ለማሰር የሚቆረጠው ሐረግ ሳይቀር ከዚህ ደንብ ውጭ አይደለም። ባሕር ዛፍን በተመለከተ የሚነሣው ወቀሳ ትክክል ነው፤ ውሃ ይስባል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል አያስጠጋም። በምንጭ ዳርና በቡና ማሳ አጠገብ ሊተከል አይገባም። ዳሩ ግን በተገቢው ስፍራ ከበቀለ በአጭር ጊዜ ደርሶ፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ዳግም ስለሚያቆጠቁጥ ደኑን ከመቆረጥ የሚያድን ዛፍ ነው።

የተቆረጠው አጣና ዕድሜ እንዲኖረው በበጋ መቁረጥ፣ ልጡን መላጥና በጥላ ሥር ማድረቅ ያስፈልጋል። የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት መለብለብ ከአባቶች የተወረሰ ዘዴ ነው፤ መበስበስን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ከዚህ የሚሻለው እንጨቱን ከመሬት ማለያየት ነው። ቋሚው በድንጋይ ወይም በትንሽ የኮንክሪት መቀመጫ ላይ በብረት ታስሮ ቢቆም ምስጡም እርጥበቱም በቀላሉ አያገኙትም። ለዚህ የሚውለው ጥቂት ሲሚንቶ ያለ ቦታው የዋለ አይደለም።

ቀርከሃ በሸካ ዞን በማሻ አካባቢና በከፋ ደጋማ ቦታዎች የሚበቅል፣ ተቆርጦ የሚተካ ጥሩ ቁስ ነው። ደካማ ጎኑ ዕድሜው ነው። ያልታከመ ቀርከሃ አፈር ከነካ ከ1 እስከ 3 ዓመት ብቻ ይቆያል፤ ከመሬት ተነሥቶ በክዳን ሥር ከሆነ ግን ዕድሜው እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ነቀዝ ቀርከሃን የሚወጋው ውስጡ ያለውን የስታርች ክምችት ፍለጋ ስለሆነ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላውን አገዳ በደረቁ ወራት መቁረጥና ለሳምንታት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይጠቅማል። መዘፍዘፊያው ከመጠጥ ምንጭ በላይ መሆን የለበትም፤ ውሃው ይሸታልና። በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ማከምም ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ መድኃኒት በዝናብ ስለሚታጠብ ለበረንዳና ለጣሪያ ሥር እንጂ ክዳን ለሌለው አጥር ብዙ አይረዳም። በከፋ ዝናብ የቀርከሃ አጥር ያለ ድንጋይ መሠረትና ከላይ ያለ ጠባብ ክዳን መሥራት ገንዘብን መበተን ነው።

ከሁሉም የሚልቀው በቁሙ የሚያድገው አጥር ነው። ኮርች ለዚህ እንደተፈጠረ ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወፍራም ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ሥር ይሰዳል፤ ሕያው ስለሆነ አይበሰብስም፤ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ያስገባል። የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዝርያም ነው። በየሁለትና ሦስት ሜትሩ ኮርች ቋሚ ሆኖ፣ በመሐሉ ሰንሰልና ግራዋ ተጠጋግቶ ቢተከል በጥቂት ዓመታት ከብት የማያሳልፍ አጥር ይሆናል። ሰንሰልም ግራዋም ከቁርጥራጭ ግንድ ይበቅላሉ፤ ሁለቱም ለንብ የሚስማሙ ስለሆኑ ቀፎ ላለው ቤተሰብ አጥሩ ማር ያስገኛል። እሾህ የሚፈለግ ከሆነ ኮሽም አለ። ሕያው አጥር ሥራ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ካልተከረከመ ወደ መንገድ ይወጣል፣ ከጎረቤትም ያጣላል። እስኪደርስ ድረስ ከፊቱ ያለው አሮጌ አጥር ይቆይ፤ ሕያው አጥርን ከሚያስጠሉ ምክንያቶች አንዱ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ አጥር እንዲሆን መጠበቅ ነው።

ግንብ አጥር የሚፈልግ ሰው በማሽን የተጨመቀ የአፈር ብሎኬትን ቢያስብ ጥሩ ነው። ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ብቻ ይጨመርበታል፣ አይተኮስም፤ ስለዚህ እንደ ጡብ ማገዶ አይፈጅም። የከፋ ቀይ አፈር ሸክላነቱ ስለሚበዛ አሸዋ ይቀላቀልበታል። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት፣ ከላዩ ውሃ የሚያንጠባጥብ ክዳን ከሌለው ግን አንድ ክረምት በቂው ነው።

ርካሽ መስለው የሚጎዱ

ምስጥን ለመከላከል የአጥር ቋሚን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በብዙ ቦታ ይታያል። ዘይቱ ከባድ ብረቶችና ሌሎች መርዛማ ነገሮች ያሉበት ሲሆን በዝናብ ታጥቦ ወደ አፈርና ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል። ጎመንና እንሰት ባለበት ጓሮ ጨርሶ መደረግ የለበትም። ከአገልግሎት የወጡ የመብራትና የስልክ ምሰሶዎችም በመርዛማ ኬሚካል የታከሙ ናቸው፤ ለመቀመጫ፣ ለአትክልት መደብ ማቀፊያ ወይም ለማገዶ መዋል የለባቸውም። በተለይ ሲቃጠሉ ጭሱም አመዱም ጎጂ ነው።

የብረት በርና አጥር የሚቀባ ሰው እርሳስ የሌለበትን ቀለም ይጠይቅ። በኢትዮጵያ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን ወሰን 90 ክፍል በሚሊዮን ነው። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ አሮጌ ቀለም ሲፋቅ የሚረግፈውን ዱቄት ልጆች በሚጫወቱበት መሬት ላይ መተው አይገባም።

አሮጌ ጎማን ነጭ ቀብቶ የአበባ መትከያ ማድረግ የተለመደ ጌጥ ሆኗል። ለአበባ ይሁን፤ ነገር ግን ውሃ የሚያቁር ጎማ የትንኝ መራቢያ ስለሆነ ሥሩ መበሳት አለበት። ለምግብ የሚሆን ተክል ባይተከልበት ይመረጣል።

የሚተከለውና የሚለብሰው

ተክልም እንደ ቁስ ይመረጣል። ለጌጥ ተብለው ከውጭ የመጡ ተክሎች አገር ሊወርሩ እንደሚችሉ የሚያስረዳው የቅርብ ምስክር እምቦጭ ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በአበባው ውበት ዓለምን ያዳረሰው ይህ አረም ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ የጣና ሐይቅን ሲፈታተን ቆይቷል። የወፍ ቆሎም አጥር ይሆናል ተብሎ ከተተከለ በኋላ ወፎች ፍሬውን እየበተኑ ወደ ግጦሽ መሬት ያስገቡታል። በአበባው ተታልሎ ወደ ግቢ ማስገባት አይመከርም። ለከፋ ግቢ ጌጥ ከራሱ ከደኑ ይገኛል፦ ለጥላ ሰሳና ብርብራ፣ ለንብ ብሳናና ጌተም፣ ከጥላው ሥር ቡናና ኮረሪማ። ኮረሪማ ጥላ ስለሚወድ ፀሐይ የማያገኘውን የአጥር ሥር ሸፍኖ ገቢ ያስገኛል። ችግኙ ከችግኝ ጣቢያ ወይም ከዘር ይምጣ እንጂ ከደን ተነቅሎ አይምጣ።

ባዶ የሆነውን አፈር ለማልበስ የቡና ገለባ፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠልና የታጨደ ሣር በቂ ናቸው። ከእርጥብ ቡና መፈልፈያ የሚወጣው ልጣጭ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ውሃውን ይበክላል፤ ለጥቂት ወራት ከፍግና ከቅጠል ጋር ተከምሮ ሲበሰብስ ግን ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል። ትኩሱን በተክል ሥር ማኖር አሲዳማነቱ ሥሩን ስለሚጎዳ አይደረግ።

ዋጋ ሲነጻጸር የመግዣውን ብር ለሚያገለግልበት ዓመት ማካፈል ይበጃል። በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ አጥር፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ አሥር ዓመት የሚቆም አጥር ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ተኩል እጥፍ ያስወጣል፤ የአናጺው የቀን ሂሳብ ሳይቆጠር።

ጊዜውን በተመለከተ ቀርከሃና አጣና የሚቆረጡት፣ ድንጋይም የሚጓጓዘውና የሚነጠፈው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ነው። የኮርች፣ የሰንሰልና የግራዋ ቁርጥራጭ የሚተከለው ዝናቡ ሲጸና፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ሲሆን ቬቲቨርና ሰርዶም በዚሁ ወቅት ይተከላሉ። የአሸንዳውና የቦዩ ጥገና ግን ከመጋቢት በፊት ማለቅ ይኖርበታል። ስለ ችግኝ አቅርቦትና ስለ አተካከል የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ስለ አጥር ወሰንና ስለ ፍሳሽ መውጫ ደግሞ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ይጠየቃል።